ታማኙና ሁለተኛው መስመር

በሽታን ማከም ትዕግሥት የጎደላቸው ሰዎች ሥራ ነው። ረጋ ያለ መሥሪያ ቤት በሽታው መኖሩ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል፤ እጅግ የበሰለው ደግሞ አለመኖሩን አረጋግጦ ያርፋል። ታላቁ አባይ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት ጣቶቹን በሚዘረጋበት የግብፅ ምድር፣ በአንዲት ከተማ የነበረው የትኩሳት በሽታዎች መመርመሪያ ፈጠራ ማዕከል ከእነዚያ ከበሰሉት አንዱ ነበር። የከተማዋ ስም ይቅር፤ ሰላም ከስም ይበልጣል።

ኢንሳፍ፣ በአገሩ አጠራር ሲት (ወይዘሮ) ኢንሳፍ፣ በዚህ ማዕከል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደም መርምራለች። ከሰው ደም የሚጠልለውን ውሃ በተደረደሩ የብርጭቆ ቱቦዎች ታደርጋለች፣ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች፣ በማግሥቱ መጥታ ታየዋለች። ሰውየው የማልታ ትኩሳት ካለበት ፈሳሹ እንደ እርጎ ይቋጠራል፤ ከሌለበት ዝም ይላል። ይህ ትኩሳት ጎሽና ፍየል ያልፈላ ወተት ለሚወድ ወዳጃቸው የሚልኩት ስጦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጣል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ሸሚዝ በላብ ያስጨምቃል፤ ጠዋት ደግሞ ሰውየውን ምንም እንዳልነካው አስመስሎ ያስነሳዋል። ሁለት ዓይነት ኪኒን ስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ከዋጡለት ይለቃል። መንገድ ላይ የተዉት እንደሆነ ግን ይመለሳል፣ ያውም ቂም ይዞ።

ለዋና ዳይሬክተሩ ለዶክተር ሩሽዲ ይህ የቱቦ ነገር የእግር እሳት ነበር። «ዓለም ጨረቃ ላይ ወጥቶ እኛ ብርጭቆ እናጥባለን?» ይሉ ነበር በየስብሰባው። እናም አራት ዓመት ተኩል ደክመው፣ ስድስት ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመው፣ «ታማኙ» የተባለውን መሣሪያ ወለዱ። ታማኙ ከጣት የማይበልጥ ካርድ ነው። በቀዳዳው አንድ ጠብታ ደም ይገባል፣ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። አንድ ቀይ መስመር ከወጣ ሰውየው ነጻ ነው፤ ሁለት ከወጣ በሽተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ምንም አይወጣለትም፤ በሌላ አገርም ተሠርቶ ስንቱን አድኗል። ክፋቱ ዶክተር ሩሽዲ እጅ መግባቱ ነው።

መሣሪያ ከመጽደቁ በፊት በመቶ ሰው ደም መፈተን አለበት። መንግሥት ደግሞ ደንብ አለው፤ በማናቸውም የመንግሥት ፕሮጀክት የሚሳተፍ ሰው የንስር ማኅተም ያረፈበት የጤንነት ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። የንስር ማኅተም የሌለው ወረቀት በዚያ አገር የሱቅ መጠቅለያ ነው። ስለዚህ ዶክተር ሩሽዲ ደንቡን አክብረው መቶ ሰው መረጡ፤ መቶውም ጤነኛ፣ መቶውም ባለማኅተም። ናሙና ቁጥር አንድ ራሳቸው ሆኑ። ታማኙም መቶውን አንድ በአንድ መርምሮ መቶውንም «ነጻ» አላቸው።

«መቶ ከመቶ!» አሉ ዶክተር ሩሽዲ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «በሰው ልጅ ታሪክ መቶ ከመቶ ያመጣ መሣሪያ አሳዩኝ!»

«ዶክተር፣ መቶውም ሰው ጤነኛ ነው እኮ» አለች ኢንሳፍ።

«ጤነኛ መሆናቸው ነውር ነው?»

«ነውርስ አይደለም። ግን በሽታን ያውቅ አያውቅ እንደሆነ የምናየው በበሽተኛ ደም ነው።»

«በሽተኛ የጤንነት ማረጋገጫ ያመጣል?»

«ከየት አባቱ ያመጣል?»

«እንግዲያው ወረቀት የሌለው ደም የመንግሥት ላቦራቶሪ ይግባ ነው የምትዪኝ? ሲት ኢንሳፍ፣ ይሄ እኮ ሕገወጥ ደም ነው!» ኮሚቴው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊው «ሕገወጥ ደም» ብሎ በቃለ ጉባኤው አሰፈረና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ወዲያው መመሪያ ቁጥር 117 ወጣ። እንደ እሱ ያለ አርቆ አሳቢ ጽሑፍ አልታየም። አሮጌው የመመርመሪያ ፈሳሽ ተሰብስቦ በኮሚቴ ፊት እንዲቀበር አዘዘ። ታማኙ በሁለት መስመር ሳይመሰክርለት፣ ያውም ዋናው ካርድ ሳይቀርብ፣ ማንም ሰው ኪኒን እንዳይሰጠው ከለከለ። የተሰጠውም ሰው በመድኃኒት አዳዩ ዐይን ሥር እንዲውጥ አደረገ፤ ሰው ምን ይታመናል! ባለ አንድ መስመሩ ካርድ ራሱ የጤንነት ማረጋገጫ ሆኖ እንዲያገለግል ፈቀደ። ደማቸውን ለፕሮጀክቱ የሰጡት መቶ ሰዎችም የሥራው መስተዋት ናቸውና፣ ማናቸውንም አገልግሎት በጠየቁ ቁጥር ጤነኛነታቸውን አድሰው እንዲያቀርቡ አስገደደ። ዶክተር ሩሽዲ ይህችን የመጨረሻዋን ራሳቸው ናቸው የጨመሯት፤ ለክብር ብለው።

ፈሳሹን የሚሰበስቡት ሦስት ሰዎች የኢንሳፍን ማቀዝቀዣ ከፍተው ከታች አንድ ማሰሮ አገኙ። ሊቀ መንበሩ ክዳኑን ገለጥ አደረገ።

«በአላህ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ሚሽ ነው። ያረጀ አይብ። የእናቴ እጅ ነው፣ ዓመት አልፎታል፤ ላቅምስዎት?»

«ክደኚው እባክሽ! ክደኚው!»

በቃለ ጉባኤው ላይ «አሮጌ ፈሳሽ አልተገኘም፤ አሮጌ አይብ ተገኝቷል» ተብሎ ተጻፈ። በላስቲክ የተጠቀለሉት አራት ጠርሙሶች ከአይቡ ሥር ተኝተው ዳኑ። ኢንሳፍ ያን ዕለት ጠርሙሶቹን ለምን እንደደበቀች ራሷም አልገባትም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የሠራን ነገር መቅበር አልሆነላትም፤ ይኸው ነው።

ምክንያቱ ሳምንት ሳይሞላ ቤቷ ድረስ መጣ። ባሏ ሸሃታ ሁለት ጎሽ የሚያረባ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበረቱ ተደግፎ ወጣ፤ ጋቢው ውሃ የተነከረ ይመስላል።

«ኢንሳፍዬ፣ ዛሬ ጎሿን እኔ አላለብኳትም፤ እሷ ናት እኔን ያለበችኝ» አላትና ሊስቅ ሲል ጥርሱ እርስ በርሱ ተንገጫገጨ።

በማግሥቱ ደሙን በድብቅ በቱቦ አየችው። እስከ መጨረሻው ቱቦ ድረስ ተቋጥሯል። ቀጥላ በታማኙ አየችው። አንድ መስመር። ሌላ ካርድ አወጣች፤ አንድ መስመር። በአምስተኛው ካርድ ላይ አንጀቷ አሮ ተነሥታ ወደ ትኩሳት ሆስፒታሉ ሄደች። ከሁለቱ ኪኒኖች አንዱ የሳንባ ነቀርሳም መድኃኒት ስለሆነ ከመንግሥት መጋዘን ውጭ አይገኝም። በመድኃኒት መስጫው መስኮት ጀርባ የተቀመጠው ወዲዕ የሚባለው ጎረቤቷ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ችግሩ ማንበብ መቻሉ ነው።

«ወዲዕ፣ ሸሃታን ታውቀዋለህ።»

«እንዴታ! ባለፈው በዓል ቅቤ የላከልኝ እሱ አይደል?»

«ሊሞትብኝ ነው።»

«ክፉ አይንካው! ሁለት መስመር አለው?»

«አንድ ነው ያለው።»

ወዲዕ መነጽሩን አወለቀ፣ መመሪያ 117ን አወጣ፣ ጣቱን በቃላቱ ላይ እያስኬደ አነበበላት፣ መልሶም አጣጠፈው። «ሲት ኢንሳፍ፣ ልቤ እንደ ሸንኮራ ተጨምቋል። እጄ ግን የመንግሥት ነው።»

ወደ ዶክተር ሩሽዲ ቢሮ ገባች። አምስቱን ካርዶች ጠረጴዛቸው ላይ ደረደረችላቸው። እሳቸው አምስቱን አይተው ፊታቸው በራ።

«አምስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ! ይህን የመሰለ ጽናት ከሰው ታገኛለሽ?»

«ዶክተር፣ ሰውየው እየነደደ ነው። ወገቡን ማቅናት አቅቶታል።»

«ታማኙ ነጻ ነው ካለው ነጻ ነው። ባልሽ ያለበት ስንፍና ነው። ሙቀት ሲመጣ ገበሬ ሁሉ ወገቡን ያመዋል፤ አላህ ይማረው።»

ኢንሳፍ ደረጃውን ስትወርድ አለቀሰች። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ ወደ ላቦራቶሪዋ ተመለሰችና ማሰሮውን አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየመንደሩ የሚመጣውን ትኩሳታም ሁሉ ፊት ለፊት በታማኙ፣ ከኋላ በቱቦ ትመረምር ጀመር። በታማኙ ሁሉም ነጻ ነበሩ። በቱቦው የተቋጠሩት ግን፣ ሸሃታን ጨምሮ፣ አርባ ሦስት ደረሱ። ስማቸውን ጽፋ፣ ካርዳቸውን በመሳቢያዋ ቆለፈችበት።

ማዕከሉ ግን ደስታ ላይ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ አንድም የማልታ ትኩሳት በሽተኛ ባለመገኘቱ በሽታው ከግዛቱ ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀና፣ ገዥው በተገኙበት በዓል ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፣ ፈጢር የሚሉት የቅቤ ቂጣ ተጋገረ፣ ከገዥው መቀመጫ ፊት ለፊት አዲስ የታለበ፣ ገና አረፋው ያልበረደ የጎሽ ወተት በትልቅ ገበታ ቀረበ። ዶክተር ሩሽዲ ተነሡ።

«ክቡርነትዎ! አባቶቻችን ወተት ሲጠጡ ይፈሩ ነበር። እኛ ግን ፍርሃትን መርምረን ነጻ ብለነዋል!» ጭብጨባው ድንኳኑን አነሣው። ቀጥለውም ጣታቸውን አስወግተው ደማቸውን ለታማኙ ሰጡ፤ ታማኙም እንደ ልማዱ አንድ መስመር አወጣ። ያች ካርድ እዚያው ማኅተም ተመታባት፣ በወርቅ ቅብ ክፈፍ ገባች፣ በማዕከሉ በር ላይ ተሰቀለች። ገዥው ወተቱን እስከ ከንፈራቸው ወሰዱትና ለፎቶ ፈገግ ብለው መለሱት፤ ገዥ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ዶክተር ሩሽዲ ግን ሦስት ጽዋ ጨለጡ። ገዥው የወርቅ ክዳን ያለው አንድ ቀይ እስክሪብቶ ሸለሟቸው፤ «ታሪክ ይጻፍበት» ብለው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት ዶክተር ሩሽዲ የሱፍ ሹራብ ለብሰው ኢንሳፍ ላቦራቶሪ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ሲት ኢንሳፍ፣ ትንሽ የወገብ... ምናልባት ወንበሩ ይሆናል።»

«ምናልባት ስንፍና ይሆናል» አለች ኢንሳፍ።

«አትቀልጂ። በታማኙ አይቼዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ። ነጻ ነኝ ይላል። ግን... ለንጽጽር ያህል... ያ አሮጌ ፈሳሽ የተረፈ ጠብታ የለሽም?»

ኢንሳፍ ማሰሮውን ከፈተች። ዶክተር ሩሽዲ በአፍንጫቸው ሳይሆን በልባቸው ነበር የሚያሸቱት፤ ሽታው የጀነት መሰላቸው። በማግሥቱ ማልደው ሲመጡ ቱቦዎቻቸው ተደርድረው ጠበቋቸው። እስከ መጨረሻው ተቋጥረዋል። ጎን ለጎን የሸሃታም ቱቦዎች ቆመዋል፤ በሁለቱ መካከል ማንም ልዩነት አያገኝም።

ዶክተር ሩሽዲ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ኪኒኑን...»

«ባለ ሁለት መስመር ካርድ ይጠይቃል። መመሪያ ነው።»

«የኔ ካርድ በር ላይ ተሰቅሏል! አገር አይቶታል! እኔ ታመምኩ ማለት ግዛቱ ታመመ ማለት ነው!» ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የባልሽ ካርድ አለሽ?»

አወጣችላቸው። ዶክተር ሩሽዲ የገዥውን ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው መዘዙ፣ ከአንደኛው መስመር አጠገብ ሁለተኛ መስመር አሰመሩ። አራት ዓመት ተኩልና ስድስት ንዑስ ኮሚቴ ያቃተው ነገር በአንድ ቅጽበት ተፈጸመ።

«እነሆ። ባልሽ ታመመ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ኪኒኑን ተቀበዪና እንካፈለዋለን። ሦስት ሳምንት እሱ፣ ሦስት ሳምንት እኔ።»

«በሦስት ሳምንት አይለቅም ዶክተር። እርስዎ ያስተማሩኝ ነው። ለሁለታችሁም አንዳንድ ካርድ ያስምሩ።»

«ሁለት? ከበሽታ በጸዳ ግዛት ሁለት በሽተኛ? አንድ ሲሆን አጋጣሚ ነው፤ ሁለት ሲሆን ወረርሽኝ ይባላል!» ይህን ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አፋቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ። ከዚያም ወዲያ ሾፌራቸው ደግፎ ቤታቸው አደረሳቸው። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ኢንሳፍ እስክሪብቶውን አየችው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የቀሩትን አርባ ሁለት ካርዶች አወጣች፣ ከስም ዝርዝሯ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች፣ ደሙ በቱቦ ላልተቋጠረ ለአንድም ሰው ሳታደላ፣ ቀጥ ባለ እጅ አሰመረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ምርመራ ከዚያ ማዕከል ወጥቶ አያውቅም።

በነጋታው የትኩሳት ሆስፒታሉ ግቢ በሰው ሞላ። ወዲዕ እያንዳንዱን ካርድ ወደ ብርሃን አንሥቶ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት። ትክክል ነው። አፍህን ክፈት ሸሃታ፤ ዋጥ። ምላስህን አሳየኝ። ጎበዝ።» ሸሃታ ግድግዳውን ይዞ ቆሞ እንደ ሕፃን ምላሱን አወጣ። ኢንሳፍ ከኋላው ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ወሬው ዶክተር ሩሽዲ አልጋ ደረሰ። ምን ይበሉ? ካርዶቹ ተሳስተዋል ቢሉ ታማኙ ተሳሳተ ማለት ነው፤ ታማኙ ደግሞ መቶ ከመቶ ነው። ካርዶቹን እንዳሉ ተዉዋቸው። ኢንሳፍን አስጠርተው «ድርሻዬስ?» ቢሏት፣ «ኪኒኑ የሚዋጠው በወዲዕ ዐይን ሥር ነው፤ ሸሃታ ውጦታል። መመሪያ ነው» አለቻቸው። እስክሪብቶውን ግን በክብር መለሰችላቸው። ስምንት ቀን ተንቀጠቀጡ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የማዕከሉ ዘበኛ በሩ ላይ ምስማር ብቻ ቀርቶ አገኘ።

በዚያው ሰዓት ዶክተር ሩሽዲ ሹራባቸውን ለብሰው፣ የወርቅ ቅቡን ክፈፍ በብብታቸው ይዘው፣ በሆስፒታሉ ወረፋ ከገበሬዎች ኋላ ቆመው ነበር። ወዲዕ ዋናው ካርድ ካልሆነ አይቀበልማ፤ የእሳቸው ዋና ደግሞ ያቺው ባለማኅተሟ ናት! ከመስተዋቱ ሥር ያለችው ካርድ ሁለት መስመር ነበራት፤ ሁለተኛው መስመር ትንሽ ጠመም ይላል።

ሸሃታ የዕለቱን ኪኒን ውጦ፣ ኢንሳፍን አስከትሎ ሲመለስ አያቸው። ወገቡ መቅናት ጀምሯል።

«አህለን ዶክተር! ስንፍናዎን ሊያሳክሙ መጡ?»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ዶክተር ሩሽዲ አንድ እርምጃ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ተራቸው ደርሶ ክፈፉን በመስኮቱ ቢያስገቡት አልገባ አለ፤ ወዲዕ ራሱ ወጥቶ አየው።

«አንድ፣ ሁለት። ማኅተም አለው። ዋናው ነው። የጤንነት ማረጋገጫዎትስ?»

«የምን ጤንነት? ታምሜ ነው እኮ የመጣሁት!»

«እሱማ ካርድዎ መስክሯል። ግን እርስዎ ናሙና ቁጥር አንድ ነዎት። ደሙን ለፕሮጀክቱ የሰጠ ሰው ማናቸውንም አገልግሎት ሲጠይቅ ጤነኛነቱን አድሶ ያቅርብ ይላል።» ጣቱን ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፈ። «ፊርማው የማን ነው?»

«ወዲዕ፣ እየሞትኩ ነው እያልኩህ ጤነኛ ነኝ የሚል ወረቀት አምጣ ትለኛለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ዶክተር? እኔ አንባቢ ነኝ።»

ዶክተር ሩሽዲ አግዳሚው ላይ ተዘረፈጡ። ኢንሳፍ ትንሽ አየቻቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ትታቸው ብትሄድ ደስ ባላት ነበር፤ ነገር ግን ትኩሳት ያለበት ሰው ትኩሳት ያለበት ሰው ነው። ከቦርሳዋ አዲስ የታማኙን ካርድ አወጣች።

«ጣትዎን ያምጡ።»

ወጋቻቸው፣ ጠብታውን አስገባች፣ ሩብ ሰዓት ጠበቀች። ዶክተር ሩሽዲ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ዐይናቸው ቀልቶ፣ ካርዱን እንደ ዳኛ ፊት ትክ ብለው አዩት። አንድ መስመር ወጣ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ዶክተር፤ ፍጹም ጤነኛ ነዎት» አለች ኢንሳፍ።

ወዲዕ በሽተኛውን ዶክተር ሩሽዲንና ጤነኛውን ዶክተር ሩሽዲን ጎን ለጎን አስቀምጦ አመሳከረ፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ሆኖ ስላገኘው ማኅተሙን መታና ኪኒኑን ሰጠ። ታማኙ ከተፈጠረ ጀምሮ አንድ በሽተኛ ሲረዳ ያ የመጀመሪያው ነበር።